በርጩማ የማያውቀው የጉልበት ሴንሰር

ሁለት ፍሬ ነው። እያንዳንዱ የክብሪት ቀፎ ያክላል። አንዱ ጭን ላይ፣ ሌላው ቅልጥም ላይ በላስቲክ ይታሰራል። ከስልክ ጋር በብሉቱዝ ይገናኝና ጉልበታችሁን ስታጥፉ ስንት ዲግሪ እንደታጠፈ፣ ስንት ጊዜ እንደሠራችሁ፣ በምን ፍጥነት እንደሠራችሁ ይነግራችኋል። አፑ እንግሊዝኛ ብቻ ነው። አማርኛም ኦሮምኛም የለውም፤ ቁጥሩ ግን ለማንም ይገባል።

ከውጭ የላከችልኝ እህቴ ናት። ባጃጅ ተገልብጦብኝ ከጉልበቴ ሥር አጥንቱ ተሰበረ። ብረት ገባልኝ። አጥንቱ ሲድን ጉልበቴ አልታጠፍም ብሎ ቁጭ አለ። ቤቴ ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ነው። ፊዚዮቴራፒ ለመመላለስ ባጃጅ ኮንትራት መያዝ ኪስ ይጎዳል፤ የጅማ ዝናብ ደግሞ ክራንች ለያዘ ሰው አያዝንም። እቤት የምሠራውን የሚቆጣጠርልኝ ነገር ያስፈልገኝ ነበር። ዋጋውን ወደ ብር መንዝሬ ሳየው ለመምህር ደሞዝ የሚታሰብ አይደለም። ስሙን አልጠራም፤ የማማው ስላለኝ። ደግሞም ከማማው ውስጥ አብዛኛው የዚህ ዓይነት ዕቃ ሁሉ ጠባይ ነው።

ፊዚክስ ነው የማስተምረው፤ ስለዚህ ውስጡን ሳላወራ አላልፍም። እያንዳንዱ ፍሬ ውስጥ ሦስት መለኪያ አለ፤ አክስለሮሜትር፣ ጋይሮስኮፕና ማግኔቶሜትር። አክስለሮሜትሩ እግር ሳይንቀሳቀስ ሲቀር የመሬት ስበትን ያነባል፤ ስለዚህ ታች በየት በኩል እንደሆነ ያውቃል። ጋይሮስኮፑ የመዞር ፍጥነትን ይለካል። ፍጥነቱን ከጊዜ ጋር እያባዙ ሲደምሩት (ኢንተግራል የሚባለው ይኸው ነው) ማዕዘን ይወጣል። ችግሩ ጥቃቅኑ ስህተትም አብሮ መደመሩ ነው። ሥራው ሲረዝም ቁጥሩ ቀስ እያለ ይንሸራተታል። ማግኔቶሜትሩ ሰሜንን እየጠቆመ ሊያርመው ይሞክራል። ሦስቱን የሚያስታርቀው ስሌት ነው፤ ከታወቁት አንዱ ሩዶልፍ ካልማን በ1960 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። በአፖሎ መንኮራኩሮች ላይም ሠርቷል። «ቲቸር፣ ይሄ ኢንተግራል የት ነው የሚጠቅመን?» ለሚሉኝ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች እግሬን አሳየኋቸው።

ጎረቤቴ ደግሞ «እግርሽ ውስጥ ያለው ብረት አያሳስተውም?» አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። አያሳስተውም። ለአጥንት የሚገባው ቲታኒየም ወይም ማግኔት የማይስበው ስቴይንለስ ነው። የሚያሳስተው የአልጋዬ ብረት ነው! የስልኬን ኮምፓስ ከፍቼ ከአልጋው ራስጌ አጠገብ ሳደርገው ሰሜን ዞሮ መስኮቱ ጋ ሄደ። ሴንሰሩም እዚያ ላይ ስሠራ ይዘባርቃል። ፍራሹን መሬት አውርጄ ስሠራ ተስተካከለ። የብረት በር፣ የብረት መስኮት፣ የብረት አልጋ የሞላበት ቤት ያላችሁ ይህን ያዙ።

ጥሩ ጎኑን ልንገራችሁ። በጀርባዬ ተኝቼ ተረከዜን ወደ መቀመጫዬ እስባለሁ። ስልኩ ላይ መስመር ይወጣል፤ ከላይ የታለመው ዲግሪ ተሰምሯል። እግሬ ሲያመኝ «ኧረ አሁንስ ጥሩ ታጥፏል» እላለሁ። ቁጥሩ 71 ይላል። ከቁጥር ጋር መጨቃጨቅ አይቻልም። ትንሽ ልሳብ እላለሁ፤ 74። ይህቺ ሦስት ዲግሪ በዓይን አትታይም፤ ሳያት ግን ነገም እንድሠራ ታደርገኛለች። ፍጥነቱንም ይይዛል። ቶሎ ለመገላገል እየወረወርኩ ስሠራ በቢጫ ያስጠነቅቀኛል።

የሳምንቱን ሪፖርት ለፊዚዮቴራፒስቴ በቴሌግራም እልካለሁ። ልጁ ወጣት ነው፤ ተማሪዬ የሆነ ያህል ያከብረኛል፤ ግን አይምርም። «ቲቸር፣ እሑድ እሑድ አይሠሩም እንዴ?» ብሎ ይመልስልኛል። መብራት መጥፋቱ ብዙም አላስቸገረኝም፤ ባትሪው ቻይ ነው። ልምምዱም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ኔትወርክ የሚፈልገው ሪፖርት ሲወጣ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ።

ሥራ ከመጀመሩ በፊት «ቀጥ ብለህ ቁም» ይላል። ቆማችሁ ባላችሁበት ላይ ዜሮ ይይዛል። ጤነኛ ጉልበት ላይ ችግር የለውም። የእኔ ጉልበት ግን ማጠፍ ብቻ ሳይሆን መዘርጋትም አቅቶት ነበር። ቀጥ ብዬ የቆምኩ ሲመስለኝ ትንሽ እንደታጠፈ ነው። ዕቃው ያቺን መታጠፍ ዜሮ ብሎ መዘገባት! ከዚያ በኋላ ሪፖርቱ ሁሉ «መዘርጋት፦ ሙሉ» ይላል። ፊዚዮቴራፒስቴ የፕላስቲክ ጎኒዮሜትሩን አወጣ። ሁለት ክንድ ያለው ማዕዘን መለኪያ ነው፤ ባትሪ የለውም፣ አፕ የለውም። አንዱን ክንድ በጭኔ፣ አንዱን በቅልጥሜ ትይዩ አድርጎ መሐሉን ጉልበቴ ላይ አሳረፈው። 8 ዲግሪ ጎድሎኛል። ያልተዘረጋ ጉልበት ደግሞ ያስነክሳል፤ የጭን ጡንቻንም ቶሎ ያደክማል። ይህን የመሰለ ነገር የሚደብቅ መለኪያ ያለ ባለሙያ መተማመኛ አይሆንም። ከዚያ ወዲህ ዜሮውን የማስይዘው እሱ ባለበት ነው።

ሌላው ማሰሪያው ነው። ላብ ሲነካው ይንሸራተታል። ጭን ሥጋ ስለሆነ ጡንቻው ሲኮማተር ሴንሰሩን ይገፋዋል፤ አጥንቱ ሳይንቀሳቀስ ቁጥሩ ይንቀሳቀሳል። አንድ ጊዜ እሱ ጎኒዮሜትር ይዞ እኔ ስልክ ይዤ ስናስተያይ የእሱ 94፣ የእኔ 98 አለ። አራት ዲግሪ ለእቤት ልምምድ ችግር የለውም። ሐኪም «ይበቃል» ወይም «አይበቃም» ብሎ የሚወስንበት ቁጥር ግን ከጎኒዮሜትሩ ቢመጣ ይሻላል። ሐሙስ ገበያ ወጥቼም አስሬው ሄጃለሁ። ስልኩን ጀርባዬ ላይ ባለ ቦርሳ ሳደርገው ግንኙነቱ እየተቋረጠ አስቸገረኝ፤ ሰውነታችን አብዛኛው ውኃ ነው፣ ውኃ ደግሞ የብሉቱዝን ሞገድ ይውጣል።

ከሁሉም ያናደደኝ ግቡ ነው። ሜዳ ላይ ለመራመድ ጉልበት 60 እና 70 ዲግሪ አካባቢ ከታጠፈ ይበቃዋል። ደረጃና መደበኛ ወንበር ወደ 90 እና ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። አፑ የተሠራው ወንበር ላይ ለሚቀመጥ፣ ሽንት ቤትም ወንበር ለሆነለት ሰው ነው። 120 ላይ ስትደርሱ ፊኛ እየለቀቀ «ጨርሰሃል» ይላል። ምኑን ነው የጨረስኩት? የጅማ በርጩማ አይታችኋል? ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ ሦስት እግር ያለው፣ ዝቅ ያለ። ቡና የማፈላው እሱ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ፊኛው የተለቀቀ ቀን ረከቦቱ ጋ ሄጄ ልቀመጥ ብል ጉልበቴ እምቢ አለኝ፤ ልጄ አፈላች። የቁጢጥ ሽንት ቤቱን እንተወው። ፊዚዮቴራፒ ክፍል አጠገቤ የሚሠሩ አንድ አባት ደግሞ ዕቃውን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አይተው «ሱጁድ ያደርሰኛል?» ነው ያሉት። ትክክለኛው ግብ እሱ ነበር። አፑ ውስጥ ግን የሚጻፍበት ቦታ የለውም፤ ከ120 በላይ ግብ አይቀበልም።

እና ይገዛ ወይ? ለራሳችሁ ብቻ ከሆነ፣ አይገዛ። ስማርት ስልካችሁ ውስጥ አክስለሮሜትር አለ፤ ተዳፋት የሚለካ ነፃ አፕ ማውረድ ነው። በጀርባችሁ ተኝታችሁ ጉልበታችሁን አጥፉ፤ የእግራችሁ መዳፍ ፍራሹ ላይ ይሁን። ስልኩን ጭናችሁ ላይ በቁመቱ አስቀምጡና ከአግድም ስንት ዲግሪ እንዳዘነበለ አንብቡ። ቅልጥማችሁ ላይም እንዲሁ። ሁለቱን ደምሩ። ጉልበታችሁ የታጠፈው ያን ያህል ነው። ጭኑ 50፣ ቅልጥሙ 45 ካለ 95 ማለት ነው። የሦስት ማዕዘን ሒሳብ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ያለ ልጅ ያረጋግጥላችኋል። ማግኔት ስለማይገባበት የብረት አልጋም አያሳስተውም። የሚጎድላችሁ ቆጣሪውና የሚያበረታታው መስመር ነው።

ብዙ ሕመምተኛ የሚያይ የፊዚዮቴራፒ ክፍል ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንዱን ዕቃ ከአጋሮና ከሊሙ ለሚመጣ ሰው ለጥቂት ሳምንት አውሶ መስጠት፣ ሪፖርቱን በስልክ መከታተል ይቻላል። መንገድ የሚያማርረው ሰው ይጠቀማል። ጉልበቱ ማበጡን፣ መጋሉን ሴንሰሩ ስለማያይ፣ አብሮ መደወል ግድ ነው። ዳሌን እያነሱ ማነከስንም በሁለት ፍሬ አያውቀውም።

ሊገዛ የሚያስብ ካለ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ የእኔው አንድ አካውንት ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚቀበለው። ማሰሪያውን ደግሞ ሄርማታ ያለ ልብስ ሰፊ ሰፋ ባለ ላስቲክ ቀየረልኝ፤ ውስጡ ላይ ስስ ጎማ ሰፍቶበታል። ከፋብሪካው ማሰሪያ ይሻላል፤ በላብም አይወርድም።