ለልጄ የገዛሁት የፊደል ገበታ
አሜሪካ ውስጥ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለ የሐበሻ ሱቅ ነው የገዛሁት። የ7 ዓመቷ ልጄ አማርኛ ትሰማለች፤ መልሷ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ገበታውን ፍሪጁ ላይ ለጠፍነው። 33ቱ ፊደላት ከግዕዝ እስከ ሳብዕ፣ 231ዱም ጎላ ብለው ታትመዋል። ላስቲክ ስለተለበጠ ወጥ ቢነካውም ይጠረጋል። ይሄን በጣም ወድጄለታለሁ።

ቅር ያለኝ ሥዕሎቹ ላይ ነው። "በ" ላይ በሬ፣ "ሞ" ላይ ሞፈር። ልጄ ሞፈር አይታ አታውቅም። እኔው "በርበሬ" እና "ሞሰብ" ብዬ ጽፌ ለጠፍኩበት። የሀ፣ የሐ እና የኀ ነገርም ማብራሪያ ያስፈልገዋል። "እማዬ፣ የትኛውን ልጻፍ?" ትለኛለች፤ ቃል በቃል አብረን እናጠናለን።

ባለፈው እሁድ አያቷ በስልክ የላኩላትን "እንደምን አደርሽ የኔ ዓለም" ፊደል በፊደል አነበበችላቸው። ከአዲስ አበባ እልል ሲሉ ሰማናቸው። ለታናሽ ወንድሟም ሁለተኛ ገበታ ልገዛ ነው።