ቴርሞሜትር የሌለው የድምፅ መለኪያ ለደላንታ ብርድ አይሆንም

ዕቃውን አልጠላሁትም። የተናደድኩት የሸጠልኝ ሰው ላይ ነው።

ከጋራ የውሃ ገንዳችን በላይ የሰቀልኩት መለኪያ ድምፅ ወደ ታች ይልካል፤ ከውሃው ነጥሮ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ቆጥሮ ርቀቱን ያወጣል። ክረምቱን በሰላም አለፍን። ኅዳር ላይ ውርጭ ሲገባ ግን ሌሊት ሌሊት ውሃው ወደ 7 ሳንቲሜትር ጎደለ ይለን ጀመር። ቀትር ላይ መመለሱን ማን ልብ ይበል! ሐሜቱ ሁሉ ጠባቂያችን ላይ ወረደ። «ወላሂ ልጄ፣ ጠብታ አልወጣም» አሉኝና ማታ የውሃውን ልክ በከሰል ግድግዳው ላይ አሰመሩ። ንጋት ላይ አብረን አየነው፤ ውሃው መስመሩን ሳይለቅ ስክሪኑ ጎድሏል ይላል።

ነገሩ ቀላል ነው። ድምፅ 20 ዲግሪ ላይ በሰከንድ 343 ሜትር ይሄዳል፣ ዜሮ ላይ 331። የኔው መለኪያ ሁልጊዜ በ343 ነው የሚያሰላው። ስለዚህ በብርድ ድምፁ ሲዘገይ ውሃው የራቀ ይመስለዋል።

ሻጩ «በረዶ አገር የበረዶ ጥልቀት የሚለኩት በዚህ ዓይነት ነው» ብሎኛል። እውነቱን ነው፤ ታዲያ እነሱ ከጎኑ ጥላ ያለው ቴርሞሜትር እንደሚያቆሙ ለምን ዋጥከው? አላስካ ውስጥ ሂሊ ከምትባል ከተማ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረውን የቱንድራ፣ ማለትም ዛፍ የማይበቅልበት ቀዝቃዛ ምድር፣ ሙከራ እንውሰድ። አጥር ተክለው በረዶ ያስከምራሉ፤ የተከመረው በረዶ መሬቱን እንደ ጋቢ ከክረምቱ ብርድ ስለሚከልለው አፈሩ ይሞቃል። በጋው ሲቃረብ ትርፉን በረዶ ዝቀው ያነሳሉ፣ የቀለጠው ውሃ ውጤቱን እንዳያዛባ። የሰሜኑ ፐርማፍሮስት፣ ማለትም ዓመት ከዓመት የማይቀልጠው መሬት፣ በከባቢ አየር ካለው እጥፍ ገደማ ካርቦን አምቋል። ሙቀቱ ምን ያህሉን እንደሚያስወጣ ለማወቅ የበረዶውን ውፍረት ማወቅ ግድ ነው። ከበረዶው 2 ሜትር ከፍ ብሎ የተሰቀለ የኔ ዓይነት መለኪያ ግን፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ፣ በረዶውን 15 ሳንቲሜትር ያህል አሳንሶ ያሳያል። ያ ልዩነት እዚያ ሙሉ ሙከራ ያበላሻል፤ እዚህ የሰው ስም አጠፋ።

ርካሽ ቴርሞሜትር ገዝቼ ገጠምኩለት፤ በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.6 እየጨመረ ከ331 ተነስቶ እንዲያሰላ አደረግኩት። አሁን ሌሊትም ቀንም አንድ ነው። ባትሪውም ሆነ ውኃ መከላከያው አላስቸገሩኝም። እኔ ብሆን ደግሜ እገዛዋለሁ፣ ከዚያ ሱቅ ግን አይሆንም። ከቴርሞሜትሩ ጋር ካልሆነ ከማንም አትረከቡ።