ቨርቹዋልቦክስ በ8 ጊጋ ላፕቶፕ፦ 6 ሰጥቼ 3 ላይ የረጋሁበት

የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ላፕቶፔ 8 ጊጋ ራም (የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) አለው፤ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። በፍላሽ የሚመጣው ቫይረስ ሲያማርረኝ በዊንዶውስ ፋንታ ኡቡንቱ የሚባለውን ሲስተም አስጫንኩበት። የሂሳብ ፕሮግራማችን ፒችትሪ ግን ዊንዶውስ ይፈልጋል። ስሙ ሴጅ 50 ከተባለ ዓመታት አልፈዋል፤ እኛ ቢሮ ግን ዛሬም ፒችትሪ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስነሳውን ቨርቹዋልቦክስ የተባለ ፕሮግራም በነፃ አውርጄ ዊንዶውስ 10ን ኡቡንቱ ውስጥ ጫንኩት። ዓመት ሞላው፤ በጣም ወድጄዋለሁ። ያስጨነቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የራም አሰጣጡ።

ሲጫን ለዊንዶውሱ ስንት ራም እንደምትሰጡት ይጠይቃል። ቁጥሩ በሜጋ ነው። ፒችትሪ እንዳይንቀራፈፍብኝ ብዬ 6144 ሰጠሁት፤ 6 ጊጋ መሆኑ ነው። ዊንዶውሱ ተነሳ፤ ደስ አለኝ። የባንክ ሂሳብ ማስታረቅ ስጀምር ግን ማውሱ ቀጥ አለ። የዲስኩ መብራት ያለማቋረጥ ይበራል። ዊንዶውሱ ውስጥ ታስክ ማናጀርን ከፈትኩ፤ ከራሙ ግማሹ ነፃ ነው ይላል። ታዲያ ምን ሆነ?

ቢሮአችን ኮምፒውተር የሚያየው ልጅ መጥቶ፣ «እትዬ፣ ዊንዶውሱን ይተዉት፤ ኡቡንቱን ይዩት» አለኝ። ሲስተም ሞኒተርን ከፈተልኝ። ራሙ አልቋል፤ ራም ሲጠብ መደገፊያ የሚሆነው የዲስክ ቦታ፣ ስዋፑም ሊሞላ ነው። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ቨርቹዋልቦክስ ራም አይፈጥርም፤ ካለው ላይ ቆርሶ ነው የሚሰጠው። ለዊንዶውሱ 6 ጊጋ ሲሄድ ለኡቡንቱ፣ ለብሮውዘሬና ለራሱ ለቨርቹዋልቦክስ የተረፈው 2 ጊጋ እንኳን አይሞላም። ኡቡንቱ ሲጠበው ራም ላይ ያለውን ወደ ዲስክ ይገፋል፤ ዲስክ ደግሞ ከራም በብዙ እጥፍ ይዘገያል። ዊንዶውሱ ይህን ሁሉ አያይም፤ የተሰጠውን ብቻ ነው የሚቆጥረው። እኛ አገር እንግዳ ይቀደማል፤ እዚህ ግን ባለቤቱ ከተራበ እንግዳውም አይበላም።

ወደ 2048 አወረድኩት። 2 ጊጋ ለዊንዶውስ 10 ባለ 64 ቢቱ የተቀመጠው ዝቅተኛ መጠን ነው። ይነሳል፤ ግን ፒችትሪና ኤክሴል አብረው ሲከፈቱ አሁን በተራው ዊንዶውሱ ወደ ዲስክ መገልበጥ ጀመረ። በመጨረሻ 3072 ላይ ረጋሁ። ኡቡንቱ በብሮውዘር አሥር ታብ ከፍቼም ይተነፍሳል፤ ፒችትሪም ሪፖርት ሲያወጣ አያስጠብቀኝም። ቨርቹዋልቦክስ ውስጥ የራሙ መጠን የሚመረጥበት ማንሸራተቻ ላይ ያለው አረንጓዴና ቀይ መስመር ግምት ይሰጣል እንጂ እናንተ ጎን ለጎን ምን እንደምትከፍቱ አያውቅም። እሱን በዓይናችሁ እያያችሁ መወሰን ነው።

አንድ ቀን ደግሞ ቁጥሩን ልቀይር ስል ማንሸራተቻው አልንቀሳቀስ አለኝ። ለካ ዊንዶውሱን ባለበት ሴቭ አድርጌ ነበር የወጣሁት። ዊንዶውሱ ሙሉ በሙሉ ካልጠፋ የራሙ መጠን አይነካም።

ይሄ ሴቭ ማድረጊያው ግን ለእኔ ትልቁ ነገር ነው። መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠኛል። ቨርቹዋልቦክስ የዊንዶውሱን ራም ዲስክ ላይ ጽፎ ያስቀምጠዋል፤ መብራት ሲመጣ እዚያው የተውኩት መስመር ላይ እገኛለሁ። ራሙ 3 ጊጋ ሲሆን የሚጻፈውም ያንሳል።

ላፕቶፓችሁ 4 ጊጋ ብቻ ካለው አልመክርም፤ መጀመሪያ ራም ጨምሩ። 8 ካላችሁ ሳትፈሩ ሞክሩት። ሰኔ 30 ሂሳብ ስንዘጋ ሦስት ቀን ሙሉ በዚሁ ላፕቶፕ ሠርቻለሁ፤ አንድም ጊዜ ቀጥ አላለብኝም።