ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያለችው ትንሿ ጋለሪ

መግቢያ በነፃ ነው። ለትርፍ የቆመች አይደለችም፤ የምታሳየውም የሠፈር ልጆችን ሥራ ነው። እኔን ግን የማረከኝ ግድግዳው አይደለም። ቅዳሜ ጠዋት ሕፃናት መሬት ላይ ተቀምጠው የጦሳን ተራራ ይሥላሉ። አንዷ ተራራውን ሐምራዊ አድርጋዋለች፤ ማንም አላረማትም። ጎሽ! ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን አይጠየፍ አዳራሽ በከሰል የሣለው ወጣት ደግሞ እጁ ሌላ ነው። በዚህ ዕድሜው አዲስ አበባ ሄዶ የሚያሳይበት ቦታ ማን ይሰጠዋል?

ሥዕል ሲሸጥ አብዛኛው ብር ለሠዓሊው ነው፤ ጥቂቷ ለቀለምና ለወረቀት ትቀራለች። ለእኔ ይኼ ይበቃል። መብራቱ ግን ደካማ ስለሆነ ከቀትር በፊት ሂዱ። ዋጋ የሚባል ነገርም አይለጠፍም፤ ጠይቆ ሳይገዙ መውጣት ደግሞ ያሳፍራል። ኧረ ለጥፉልን!