ከፍሪጁ ጀርባ የሚመጣው ብርድ፦ የአልሙኒየም ፕላስተር ከስምንት ወር በኋላ

ካራቫናችን፣ ማለትም በመኪና የምትጎተተው ቤታችን፣ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ቆማለች። "ባሕር ዳር ምን ብርድ አለ?" የሚል ሰው ታኅሣሥ ላይ እዚህ አድሮ አያውቅም። ከተማዋ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሌሊት እግራችን ላይ ሽው የሚለው ንፋስ ከመስኮት መስሎኝ መጋረጃ ቀየርኩ። ለካ ከፍሪጁ ጎን ነው። ባለቤቴ "አንተ፣ ይሄ ፍሪጅ የሚያቀዘቅዘው ወተቱን ነው እኛን?" አለችኝ።

ፍሪጁ የጋዝ ነው። ኮምፕሬሰር የለውም፤ እሳቱ ውስጡ ያለውን ማቀዝቀዣ፣ አሞኒያውን፣ እያሞቀ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ጀርባው መተንፈስ አለበት። በውጭው ግድግዳ ታችና ላይ ፍርግርግ አለ፤ አየር ከታች ይገባል፣ ሙቀቱ ከላይ ይወጣል። እኔ ሞኙ የታችኛውን በፌስታልና በካርቶን ጠቀጠቅኩት። ጠዋት ወተቱ ለብ ብሎ ጠበቀኝ። ወተቱስ ይሁን። አየር ያነሰው እሳት ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ገዳይ ጋዝ ያወጣል፤ እሱ ደግሞ ሽታ የለውም። የሚያፈተልክ የማቃጠያ ጋዝም ከአየር ስለሚከብድ መውጫው ያው የታችኛው ፍርግርግ ነው።

መዘጋት የነበረበት በውስጥ በኩል፣ በፍሪጁና በካቢኔቱ መካከል ያለው ክፍተት ነው። በዚያው ክፍተት የእሳቱ ጭስም ወደኛ ሊገባ ይችላል። ፍሪጁን አጠፋሁና ከቡና ዕቃው ላይ ዕጣን ማጨሻውን አንስቼ ዙሪያውን አዞርኩት። ጭሱ የሚጠማዘዝበትን ቦታ ሁሉ በእርሳስ ምልክት አደረግሁ።

ኅዳር ላይ ሁለት ነገር ገዛሁ፤ ባለማጣበቂያ ስፖንጅና የአልሙኒየም ፕላስተር። ስፖንጁን አልመክርም። በሁለት ወሩ ተጨፍልቆ ቂጣ መሰለ። እሳቱ አካባቢ ደግሞ ጭራሽ አይደረግም፤ ይቀጣጠላል። ፕላስተሩ ግን ይኸው ሐምሌ ገባ፣ ፍሪጁ እስካልተነካ ድረስ እንደያዘ ነው። አንድ ጥግ ብቻ ለቀቀ፤ እሱም ቅባቱን ሳልጠርግ ቸኩዬ የለጠፍኩት ነው። ትንኙም በዚያ በኩል መግባት ትቷል፤ ይሄን አልጠበቅኩም ነበር።

አንድ ቅሬታ አለኝ። የጋዝ ባለሙያው ማቃጠያውን ሊያጸዳ ፍሪጁን ሲያወጣ ፕላስተሩ ሁሉ ተቀደደ። እንደገና ስለጥፍ ግማሽ ቀን ሄደብኝ። የተረፈውን ጥቅል ለሚቀጥለው ጽዳት አልጋው ሥር አስቀምጫለሁ። ባለቤቴ ጋቢዋን አሁንም አልጣለችም።