ለመንገድ ሩጫና ለጂም፦ ሁለት ኢርፎኖች ጎን ለጎን

ኢርፎን ሊገዛ ያሰበ ሰው ሲያማክረኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «የት ነው የምትሮጠው?» የሚል ነው። ገና ሳይነጋ አስፋልት ዳሩን ይዞ ወደ መስቀል አደባባይ የሚሮጥ ሰውና ጂም ውስጥ ትሬድሚል ላይ የሚውል ሰው አንድ ዓይነት ዕቃ አይሆናቸውም።

ለመንገዱ ሰው ሾክስ ኦፕንረንን አስቀድማለሁ። ጆሮ ውስጥ አይገባም፤ ከጆሮ ፊት ያለው አጥንት ላይ ያርፍና ድምፁን በንዝረት ያደርሳል። ጆሮ ክፍት ስለሆነ የሚኒባሱ ክላክስም፣ ከኋላ የሚያባርረው ውሻም ይሰማል። ክብደቱ 26 ግራም ነው፤ ቻርጁ እስከ 8 ሰዓት ይቆያል። ደካማ ጎኑ ቤዙ ነው። ከበሮው ይሳሳል፤ ድምፁን ከፍ ሲያደርጉት ደግሞ ቆዳ ይኮረኩራል።

ፓወርቢትስ ፕሮ 2 ግን የጂም ዕቃ ነው። ጫፉ ላይ ያለው ጎማ ጆሮን ይደፍናል፣ የውጭ ድምፅም ይቀንሳል፤ የጂሙ ስፒከር ቢጮህ እርስዎ የራስዎን ሙዚቃ ይሰማሉ። ጆሮ ላይ የሚጠለፍ መንጠቆ ስላለው ቢዘሉም አይወድቅም። የልብ ምትም ይለካል። ድምፅ መቀነሻው ሲበራ እስከ 8፣ ሲጠፋ እስከ 10 ሰዓት ይሠራል። ዋጋው ከኦፕንረን ይወደዳል። ይህን አድርጎ መኪና መንገድ ላይ መሮጥን ግን ለማንም አልመክርም።

ላብ ላይ ልዩነታቸው ሰፊ ነው። ፓወርቢትሱ ውኃ የመቋቋም ደረጃው አይፒኤክስ 4 ነው፤ የሚረጭ ውኃ ይችላል፣ መነከር ግን አይችልም። ኦፕንረን አይፒ 67 ሲሆን 1 ሜትር ውኃ ውስጥ 30 ደቂቃ ይቋቋማል። ቁጥሮቹ የሚወጡት በንጹሕ ውኃ ተሞክሮ መሆኑን ብዙ ሰው ልብ አይልም። ላብ ጨው አለው፤ ሳይጠርጉ ሳጥኑ ውስጥ ከከተቱት ቻርጅ የሚያደርጉትን ነጥቦች ቀስ በቀስ ይበላቸዋል።

ገንዘቡ ለሁለቱም ካልደረሰ በአንገት የሚንጠለጠለው ብሉቱዝ አይናቅም፤ ከጆሮ ቢወልቅ እንኳ ደረት ላይ ይቀራል። ኮፒ ኤርፖድ ግን አንዱ ቱቦ ውስጥ ከገባ ሌላው ብቻውን ምን ይሠራል? ካርቶኑ ላይ የታተመውን አይፒኤክስም አይመኑ፣ ማንም ያትመዋል። የትኛውንም ቢመርጡ ከመክፈልዎ በፊት ጆሮዎ ላይ አድርገው ሱቁ በር ላይ አሥር ጊዜ ይዝለሉ። ሻጩ ይሳቅ።