ሁለት የማይግሬን መርፌዎች፣ አንድ ራስ

ማይግሬን ያለበት ወዳጄ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ከሁለቱ መርፌዎች የትኛው ይሻላል?» ሁለቱንም ስለሞከርኩ ነው። ኢረኑማብን ስምንት ወር ተወጋሁ። ፍሬማኔዙማብን ደግሞ ከመስከረም ጀምሮ ይኸው ሰባተኛ ወሬ ነው።

ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው የምኖረው። ታክሲ እነዳለሁ። ከመርፌዎቹ በፊት ቶፒራሜት የሚባል ክኒን እወስድ ነበር። ጣቶቼን ይነዝረኛል፣ ቃል ይጠፋብኛል። አንድ ቀን «ድልድዩን ተሻግረን እንታጠፍ?» ብዬ ተሳፋሪዬን ልጠይቅ ፈልጌ «ድልድይ» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛም በአማርኛም ጠፋኝ። ሰውየው ዝም ብሎ ያየኛል፣ እኔ በእጄ ቅስት እሠራለሁ።

ሁለቱም መርፌዎች አሜሪካ ውስጥ የተፈቀዱት በ2018 እ.ኤ.አ. ነው፤ ኢረኑማብ በግንቦት፣ ፍሬማኔዙማብ በመስከረም። ሁለቱም ሲጂአርፒ የሚባለውን የሕመም መልእክተኛ ነው የሚያጠቁት። ፍሬማኔዙማብ መልእክተኛውን ራሱን ይይዛል። ኢረኑማብ የሚቀበለውን በር ይዘጋል።

አጠቃቀማቸው ቀላል ነው። ኢረኑማብ በወር አንዴ፣ የኔው 70 ሚሊግራም። ከፍሪጅ አውጥቶ ግማሽ ሰዓት ማቆየት፣ ከዚያ ጭን ላይ ጫን ማድረግ። በ15 ሰከንድ ያልቃል። ማስጠንቀቂያ ወረቀቱ ላይ የሆድ ድርቀት አለ፤ እኔም በሦስተኛው ወር ያዘኝ። ግን ዐቢይ ጾም ነበር፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አልቀምስም። ጾም በሌለበት ጊዜም ቢሆን ታክሲ ነጂ ውኃ አይጠጣም፤ ሽንት ቤት ከየት ይመጣል? ስለዚህ መርፌው ነው ብዬ አልምልም።

ፍሬማኔዙማብ ሁለት ምርጫ አለው፤ በየወሩ 225 ወይም በየሦስት ወሩ 675 ሚሊግራም። እኔ የሦስት ወሩን መረጥኩ። ሦስት መርፌ በአንድ ምሽት ማለት ነው። ሦስተኛው ላይ ሰው ይሰለቻል። የተወጋሁበት ቦታ ለሁለት ቀን ይቀላል፣ ያሳክካል።

ውጤቱስ? ወጥ ቤት ያለው የግድግዳ ካላንደር ላይ ባመመኝ ቀን ሁሉ ኤክስ አደርጋለሁ። በፊት በወር 11 ገደማ ነበር። በኢረኑማብ 7 ሆነ። በፍሬማኔዙማብ 5 ወይም 6።

ይህን አይቼ ለአክስቴ ልጅ ደወልኩላት። ፋርማሲስት ናት፣ ታላቄ ናት፣ አትምረኝም።

«ሁለተኛው በለጠ በቃ» አልኳት።

«አንተ ልጅ፣ ከሌሊት ሥራ ወደ ቀን የተዛወርከው መቼ ነው?»

በኅዳር። የፊት መብራት ዓይኔን መውጋቱ ያበቃው ያኔ ነው። የመጀመሪያው መርፌም ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ አንድ ወር ያህል ስለሚፈጅ፣ መስከረም ላይ የሁለቱ ድብልቅ ነበርኩ። ይህን ሁሉ እሷ ናት ያስታወሰችኝ፤ ደስ አላለኝም።

ታዲያ ጥናቶቹን ልይ አልኩ። ሁለቱን መርፌዎች ጎን ለጎን ያወዳደረ ጥናት አላገኘሁም፤ ያየኋቸው እያንዳንዱን መርፌ ምንም መድኃኒት ከሌለበት መርፌ ጋር፣ ማለትም ከፕላሲቦ ጋር ያነጻጽራሉ። የኢረኑማቡ ጥናት 955 ሰው ነበረው፤ 70 ሚሊግራሙ የሕመሙን ቀን በወር በ3.2 ቀነሰ። የፍሬማኔዙማቡ 875 ሰው ነበረው፤ የሦስት ወሩ ከ9.2 ወደ 5.3 አወረደ። 3.9 ቀን ማለት ነው። አየሽ፣ ልላት ስል የፕላሲቦውን መስመር አነበብኩ። በኢረኑማቡ ጥናት ባዶው መርፌ 1.8 ቀን ቀንሷል፣ በፍሬማኔዙማቡ ደግሞ 2.6። ሲቀናነስ አንዱ 1.4፣ ሌላው 1.3! ልዩነቱ እጄ ላይ ተነነ።

ሰዎቹም አንድ ዓይነት አይደሉም። ሁለት ዓይነት መድኃኒት ያልሠራለትን ሰው አንደኛው ጥናት ተቀብሏል፣ ሌላው አልተቀበለም። አንዱ የለካው ከአራተኛ እስከ ስድስተኛ ወር ነው፣ ሌላው 12 ሳምንት ላይ ጨርሷል። አንዱ እንጦጦ ላይ፣ ሌላው ዱባይ ላይ የሮጡበትን ሰዓት ይዞ ማን ፈጣን ነው ብሎ እንደመከራከር ነው።

ፊት ለፊት ሲጋጠሙ ምን እንደሚመስል ያየሁት ኢረኑማብ ከዚያ ከቶፒራሜት ጋር በተወዳደረበት የጀርመን ጥናት ነው። 777 ሰዎች። በጎንዮሽ ጉዳት ምክንያት ያቋረጠው በቶፒራሜት 38.9 በመቶ፣ በኢረኑማብ 10.6 በመቶ። ያኔ ድልድዬ ትዝ አለኝ።

እናቴ በበኩሏ ከደብረ ብርሃን እየደወለች «ልጄ፣ ምች ነው የመታህ፣ ዳማ ከሴ በቡና ጠጣበት» ትላለች። እሱንም ከማንም ጋር አላወዳደርኩትም።

ስለዚህ ለሚጠይቀኝ የምመልሰው የፍሪጅ ነገር ነው። ለገና አገር ቤት ልሄድ ስል፣ የወር መርፌ ላይ ብሆን ኖሮ በረዶ የሞላ ሳጥን ይዤ፣ ደብረ ብርሃን መብራት ሲጠፋ የእናቴን ፍሪጅ ስጠብቅ ነበር የምከርመው። ከበረራው በፊት በነበረው ምሽት ሦስቱንም ተወጋሁና በእጅ ቦርሳ ሄድኩ። ለዚህ አምስት ኮከብ። ስለ ራሴ ግን ሐኪሜም የጠየቀችኝ ካላንደሩን ነው፤ የመጋቢቱን ገጽ ቆርጬ ይዤላት እሄዳለሁ።